ማን ነው ያየው?

ሰላም ናችሁ ወገኖቼ። የዚህ ወር ደብዳቤዎቻችሁ ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ገጠሙ። ስለ ቤት ኪራይ ጀምራችሁ ስለ ቴሌግራም የጨረሳችሁ አላችሁ። ስለ ትዳር ጠይቃችሁ መጨረሻ ላይ «ለመሆኑ እትዬ፣ ዘንድሮ ማን ይታመናል?» ብላችሁ የዘጋችሁም አላችሁ። ስለዚህ ሌላውን ለሚቀጥለው እትም አቆይቼ አምስቱን መርጫለሁ። ስም አላወጣሁም። ሰፈር ብቻ ነው የጻፍኩት፣ ሁሉም እዚሁ ጎንደር ነው።

«አባቴ ስልኩ የነገረውን ሁሉ ያምናል»

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። እኛን «ምክንያትሽን ንገሪኝ» እያለ ያሳደገን ሰው ነው። አሁን ግን ማታ ማታ ቡና ላይ ስልኩን ይዞ አንድ ዩቲዩበር ያለውን ሁሉ ይደግምልናል። «ውሸት ነው» ስለው ይቆጣል። ባለፈው ጎረቤቶች ባሉበት «አንቺ ልጅ ነሽ፣ ምን ታውቂያለሽ» ብሎኝ ሲኒውን ሳይጨርስ ተነሣ። ሁለት ቀን አላናገረኝም። ምን ላድርግ? (ከማራኪ)

እታለም፣ ከሲኒው ልጀምር። አባትሽ የተነሡት ዩቲዩበሩን ስለነካሽባቸው አይመስለኝም። ዕድሜ ልካቸውን ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው በገዛ ልጃቸው፣ ያውም ጎረቤት ቁጭ ብሎ፣ «ውሸት ነው» ሲባሉ የሚሰሙት «ተታለዋል» የሚለውን ነው። ማን ይወዳል? እኔም እነሣ ነበር። ስለዚህ «ውሸት» የምትለዋን ቃል ከቡናው ላይ አንሺያት።

ቀጥሎ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ መጀመሪያ አንቺ እወቂ፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ ታጫውቻቸዋለሽ። ዩቲዩብ ለባለ ቻናሉ የሚከፍለው ቪዲዮው ላይ ከሚታየው ማስታወቂያ ነው። ሰው ብዙ ከመጣና ብዙ ከቆየ ገንዘቡ ይጨምራል። «ሰበር ዜና» ብሎ ጀምሮ፣ ዋናውን አሁን እነግራችኋለሁ እያለ፣ ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ደወሏን ተጫኑ፣ ያለፈው ሳምንት ወሬ፣ ሌላም ሌላም እያመጣ ሃያ ደቂቃ የሚያስጠብቅ ሰው እንጀራው ከዚያ ላይ ነው። ፊት ለፊት የለጠፈው ፎቶና ርዕስ ቪዲዮው ውስጥ ጭራሽ ላይኖር ይችላል። አንድ ማታ አብረሻቸው እዪ። ርዕሱን በወረቀት ጻፊ። ሲያልቅ «አባዬ፣ ይቺን ነገር የቱ ጋ ነው የነገረን?» በያቸው። ስትጠይቂ እንደ ተማሪ ጠይቂ።

ደግሞ ዩቲዩብና ፌስቡክ ላይ ያለ ሁሉ ውሸታም ነው እያልኩ አይደለም። ግንቦት 2008 የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ወጥቷል የሚለው ነገር የተሠራጨው በማኅበራዊ ሚዲያ ነበር። በሬ ወለደ ብሎ ለማለፍ የሚመች ወሬ ነበር። እውነት ሆኖ ተገኘ፣ ትምህርት ሚኒስቴርም ፈተናውን ሰረዘው። ስለዚህ ነገሩ የወጣበት ቦታ ብቻውን አይበቃም። ጥያቄው ማን አየው ነው።

አባቶቻችን ሙግት ላይ ምስክር ሲቀርብ «አይተህ ነው ወይስ ሰምተህ?» ይሉ ነበር። አባትሽም ይህን ያውቃሉ። ያንን ጥያቄ መልሰሽ እጃቸው ላይ አስቀምጪላቸው። «አባዬ፣ ይኼ ሰውዬ ሲናገር የት ሆኖ ነው ያየው?» «ውስጥ አዋቂ ምንጮቻችን» ካለ ምንጩ አይቷል ወይስ ሌላ ሰው ነግሮት ነው? ቦታው፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ ተጠርቷል? ወይስ «አንድ አካባቢ» «ሰሞኑን» «የተወሰኑ ሰዎች» ነው ወሬው ሁሉ? ይህን ሁለት ሦስት ቀን ብትጠይቂ፣ አይ አንቺም እንዳትሰለቺ፣ በአራተኛው ቀን ራሳቸው መጠየቅ ይጀምራሉ። መምህር ናቸዋ።

አንድ ሌላ መንገድ አለ። እኔ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ሞክሬዋለሁ። አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ግዢ። በአንድ በኩል ቀን፣ በመሐል ሰውየው ያለው ነገር፣ በሌላ በኩል ባዶ ቦታ። «በዚህ ሳምንት እንዲህ ይሆናል» ያለውን በራሱ ቃል ጻፉት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱና ባዶው ቦታ ላይ ምን እንደሆነ ሙሉ። እኔና ወንድሜ ስንመለስበት አብዛኛው መስመር ባዶ ሆኖ ቀረ፣ ሰውየው ራሱ ረስቶታል፣ አንስቶትም አያውቅም። ሁለቱ ግን እውነት ሆነው ተገኙ። ከሁለቱ አንዱን እኔ «ይሄ ደግሞ የማይሆን ነው» ብዬ የተከራከርኩበት ነበር። ያን ዕለት ወንድሜ አልሳቀብኝም። ዝም ብሎ ብዕሩን ሰጠኝና «አንቺ ሙዪው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ክርክራችን ሌላ ሆነ።

ስለዚህ አንቺ የምታምኚያቸው ገጾች ያሉትም እዚያው ደብተር ላይ ይጻፍ። የሳቸው ብቻ ከተጻፈ ፈተና ይሆንባቸዋል።

«ፎቶው የኛ ይሁን አይሁን በምን ልወቅ?»

ጤና ይስጥልኝ። አራዳ አካባቢ ጨርቅ እሸጣለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛ የተቃጠለ መኪና ፎቶ አሳየኝ። «ዛሬ ጠዋት፣ አዘዞ መንገድ» ይላል ጽሑፉ። ልጄ አዘዞ ነው የሚሠራው፣ ስልክም አላነሣ አለኝ። ሱቄን ዘግቼ በባጃጅ በረርኩ። ምንም የለም። ልጄ ስልኩን ቻርጅ ላይ አድርጎ ምሳ እየበላ ነው። የግማሽ ቀን ገበያ ጠፋ፣ እሱስ ይቅር፣ ልቤ ግን እስካሁን አልተመለሰም። ብዙ ዳታ ሳልጨርስ ፎቶ የማጣራበት መንገድ አለ ወይ? (ከአራዳ)

እንኳን ልጅዎ ደህና ሆነ። እንዲያ ሲሆን ማንም ይሮጣል። አሁንም ቢሆን ሩጡ እንጂ ቁጭ ብላችሁ ፎቶ መርምሩ አልልም። ግን ፎቶውን ለሌላ ሰው ከማሳየትዎ በፊት የሚሠሩት ሥራ አለ።

መጀመሪያ ዓይንዎ ይሥራ፣ እሱ ዳታ አይበላም። ሰሌዳውን ይዩ። የቆየው የኛ መኪና ሰሌዳ ኮድ ቁጥርና የክልሉ ፊደል አለው፤ «አማ» ወይም «አአ» ማለት ነው። መሪውን ይዩ። እኛ አገር መኪና በቀኝ ነው የሚነዳው፣ መሪው በግራ ነው። መሪው በቀኝ በኩል ካለና መኪኖቹ በግራ ከሄዱ አገሩ ኬንያ ወይም ኡጋንዳ ወይም ታንዛኒያ ሊሆን ይችላል፣ አዘዞ ግን አይደለም። የሱቅ ማስታወቂያ በምን ፊደል ነው የተጻፈው? ሣሩስ? ሐምሌና ነሐሴ የጎንደር ዙሪያ ጋራ እንዴት እንደሚሆን እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል። በክረምት «ዛሬ ጠዋት» የተባለ ፎቶ ላይ የደረቀ ቢጫ ሣር ካለ ያ ፎቶ ዛሬ አልተነሣም።

ሁለተኛ፣ ፎቶውን ስልክዎ ላይ ያስቀምጡና ጉግልን ይክፈቱ። መፈለጊያው ሳጥን አጠገብ የካሜራ ምልክት አለች፣ ጉግል ሌንስ የሚሏት። እሷን ነክተው ፎቶውን ይምረጡ። ያ ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ቀድሞ ወጥቶ ከሆነ ብዙ ጊዜ ያወጣዋል። የወጣውን ሲከፍቱ ቀኑን ይዩ። ቲንአይ (TinEye) የሚባል ድረ ገጽም አለ፣ እሱ ከሁሉ በፊት የወጣውን ቀድሞ እንዲያሳይ ማዘዝ ይቻላል፣ እኔ ለዚህ እወደዋለሁ። ቪዲዮ ከሆነ ጥርት ያለ ቦታ ላይ አቁመው ስክሪን ሾት ያንሡና ያንን ይፈልጉ። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ምንም አልወጣም ማለት ፎቶው አዲስ ነው ማለት አይደለም። አልተገኘም ማለት ብቻ ነው።

ሰዎች «ጣቶቹን ቁጠሩ፣ ስድስት ከሆኑ በኮምፒውተር የተሠራ ነው» ይላሉ። ይህ ምክር አርጅቷል። ፎቶ የሚሠሩት የአሁኖቹ ፕሮግራሞች ጣት እምብዛም አይሳሳቱም። ከዚያ ይልቅ ሌላ ፎቶ ይፈልጉ። ቀን በቀን ፒያሳ ላይ አንድ ነገር ቢሆን አሥር ሰው ከአሥር አቅጣጫ ያነሣዋል። ከቡና ቤት በረንዳ፣ ከባጃጅ ውስጥ፣ ከፎቅ ላይ። አንድ ፎቶ ብቻ፣ ከአንድ ቦታ ብቻ፣ ሁሉም ግሩፕ ላይ ያቺው እየዞረች ከሆነ እኔ እጠብቃለሁ። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ከመልእክቱ በላይ ከየትኛው ቻናል እንደመጣ ተጽፎ ይገኛል። ይንኩትና ምንጩ ድረስ ይሂዱ። ብዙ ጊዜ መጨረሻው ስሙን የማናውቀው ቻናል ላይ ነው የሚደርሰው።

አንድ ደግሞ ከባድ ዓይነት አለ። ፎቶው እውነተኛ ሆኖ ጽሑፉ ሌላ ሲሆን። የፋሲል ግንብ ሲታደስ ፎቶው ወጥቶ «ግንቡን ቀለም ቀቡት» ተብሎ የተጮኸ ጊዜ እኔም ስልኬን ይዤ ስናደድ ነበር። ከዚያ ሄድኩ። ከቤቴ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው፣ ለምን አልሄድም? ግንቡ ነጣ ብሏል። ያ ትክክል ነው፣ ፎቶው አልዋሸም። የተለሰነው ግን ኖራ ነው። ያ ግንብ ከመጀመሪያውም በአፄ ፋሲል ዘመን ድንጋዩ የተያያዘው በኖራ ነው። አሠራሩን ወደድነው አልወደድነው ሌላ ክርክር ነው፣ እኔም የራሴ አስተያየት አለኝ። ግን «ቀለም ቀቡት» ብሎ መቆጣትና «ኖራው እንዲህ መንጣት ነበረበት ወይ?» ብሎ መጠየቅ አንድ አይደለም። ሁለተኛው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ሰው አለው። የመጀመሪያው ያስጮሃል እንጂ የትም አያደርስም።

ለእርስዎ ግን ከሁሉ የሚሻለው ይሄ ነው። አዘዞ አንድ ሱቅ ያለው ወዳጅ ይያዙ። ስልኩን ጽፈው ከሂሳብ መዝገብዎ አጠገብ ይለጥፉት። እንዲህ ሲሆን «እባክህ ከበሩ ውጣና መንገዱን እየኝ» ይበሉት።

«ሰማያዊ ምልክት ያለው ገጽ ይታመናል?»

ከስሙ አጠገብ ሰማያዊ ራይት ካለው እውነት ነው ይሉኛል። ልክ ነው? (ከቀበሌ 18)

አይደለም እህቴ። ኤክስ (የድሮው ትዊተር) ላይ ያቺ ምልክት ድሮ ለታወቁ ሰዎችና ተቋማት ነበር የምትሰጠው፣ ከ2015 ወዲህ ግን በወር ክፍያ ትገዛለች። ፌስቡክም በክፍያ የሚሰጥበት አሠራር አለው፣ እሱ መታወቂያ ይጠይቃል። ቢበዛ የምትነግርሽ ሰውየው ራሱ መሆኑን ነው። የሚናገረው እውነት መሆኑን አትነግርሽም።

ከሷ ይልቅ የፌስቡክ ገጽ ከሆነ የገጹን መረጃ ክፈቺ። መቼ እንደተከፈተ፣ ስሙን ስንት ጊዜ እንደቀየረ፣ የሚያንቀሳቅሱት ሰዎች ከየት አገር እንደሆኑ ብዙ ጊዜ ተጽፎ ታገኚዋለሽ። አምና የሙዚቃ ግጥም ይለጥፍ የነበረ ገጽ ዛሬ ስሙን ቀይሮ የዜና ገጽ ከሆነ ጠርጥሪ። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ከመልእክቱ ሥር ሰዓቱ አጠገብ «ኤዲትድ» የምትል ትንሽ ጽሑፍ ካየሽ ከተለጠፈ በኋላ ተነካክቷል ማለት ነው። ፊደል ለማረም ሊሆን ይችላል። የተናገረውን ለመቀየርም ሊሆን ይችላል።

«ውሸት እንዲህ ከበዛ መንግሥት ቢዘጋው ምን አለበት?»

እትዬ፣ እኔ ተማሪ ነኝ። ኢንተርኔት የተዘጋ ጊዜ ተናድጄ ነበር። አሁን ግን ሰው በሰው ላይ የሚጽፈውን ሳይ «ዝጉት» እላለሁ። የዶርም ጓደኛዬ ደግሞ «አንድም ነገር መዘጋት የለበትም፣ ሰው ራሱ ይለይ» ይላል። ሌሊት ሌሊት እንጨቃጨቃለን። ማን ነው ልክ? ታዲያ ማንን እንመን? (ከቁስቋም)

ወንድሜ፣ እኔ ለጓደኛህ አደላለሁ። ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። ለምን እንደሆነ ዘርዘር አድርጌ ልንገርህ፣ እንቅልፋችሁን ያጣችሁበት ነገር ነውና።

ሐምሌ 2015 ማብቂያ ላይ በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት ቆየ። ታስታውሳለህ። ከዚያ በፊትም በዚያው ዓመት ከየካቲት ጀምሮ አምስት ወር ገደማ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር። ዳታ ሲጠፋ ወሬ ጠፋ? አልጠፋም። ከስልክ ወጥቶ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ቆመ። የውኃ ወረፋ ላይ ጄሪካን ይዞ ተቀመጠ። አንድ የማውቀው ሰው ሞተ አሉኝ። በማግሥቱ አይ ታስሮ ነው አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ራሱን ፒያሳ አገኘሁት፣ ጫማ እያስጠረገ። አቅፌው አለቀስኩ። እሱም ደነገጠ፣ «ምን ሆንሽ?» አለኝ። ያን ጊዜ የማጣራበት አንድ መንገድ አልነበረኝም። ከላይ ለነጋዴው የነገርኩት ጉግል ሌንስም፣ ወሬ የሚያጣሩት ኢትዮጵያ ቼክም፣ ሐቅ ቼክም፣ ሁሉም ከዚያው ከተዘጋው በር ወዲያ ናቸው። ዳታ የሚዘጋ ሰው ውሸቱን ለይቶ መዝጋት አይችልም። ሁሉንም ነው የሚዘጋው፣ ከዚያ የሚቀረው ሰልፍ ላይ ያለው ነው።

ሌላው ነገር እምነት ነው። በደርግ ጊዜ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ሳንሱር ክፍል ይገባ ነበር። ትልልቆቹን ጠይቃቸው። ሰው በራሱ ሬዲዮ ላይ እምነት ስላልነበረው ማታ በር ዘግቶ፣ ድምፅ ቀንሶ፣ የውጭ ጣቢያ ነበር የሚሰማው። የጀርመን ድምፅ በአማርኛ ከ1957 ጀምሮ አለ። ያን ጊዜ የአገር ውስጡ ሬዲዮ እውነት ሲናገርም የሚያምነው አጣ። ቅድመ ምርመራው በአዋጅ ቁጥር 34/1985 ቀረ። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 29 ላይ ማናቸውም ዓይነት ሳንሱር የተከለከለ ነው ይላል። ይህ የተጻፈው በ1987 ነው፣ ትላንት አይደለም።

እኛ ጎንደር ደግሞ የአፄ በካፋን ነገር እየሰማን ነው ያደግነው። ልብስ ለውጠው፣ ተራ ሰው መስለው በየአገሩ ይዞሩ ነበር ይባላል። እቴጌ ምንትዋብንም ቋራ ያገኟት እንዲያ ሲዞሩ ነው ይላሉ። ትንሽ ሆኜ ስሰማው ተረት ተረት ነበር ለኔ። አሁን ሳስበው ግን ንጉሥ ልብስ ለውጦ የሚዞረው ፊቱ ላይ እውነት የሚነግረው ሲያጣ ነው። «እረኛ ምን አለ?» የሚባለውም ለዚሁ ነው። ሰው የፈራ ጊዜ ገዢውም አይሰማም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፣ ምክንያቱም የጓደኛህ ሐሳብ አንድ ቦታ ላይ ይቆምብኛል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት መዓረግ አማረ በጥቅምት 2014 ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተገደሉ። ከዚያ በፊት ፌስቡክ ላይ ፎቷቸው ወጥቶ፣ በሐሰት ተወንጅለው፣ የሚኖሩበት ሰፈር ተጠቅሶ ነበር። ትግሬ ናቸው ተብሎ። ልጃቸው እንደሚለው ጽሑፎቹ እንዲነሡ ደጋግሞ ለኩባንያው አመልክቷል። በ2015 የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ከሰሰ። መጋቢት 2017 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። እኚህ ሰው የኛው ክልል፣ የኛው ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ። የሰው ስም፣ የሰው ፎቶ፣ የሰው ቤት ጠርቶ «እዚህ ነው ያለው» የሚል ጽሑፍ ላይ «ሰው ራሱ ይለይ» ማለት አልችልም። ማንም ለይቶ እስኪጨርስ ሰው ይሞታል። እንዲህ ያለው ቶሎ መነሣት አለበት። ስታየው ሪፖርት አድርግ፣ ለጓደኞችህም ሪፖርት እንዲያደርጉ ንገር፣ «እዩት እንዴት ያለ ክፋት ነው» ብለህ እንኳ መልሰህ አትለጥፈው።

ስለዚህ እኔ የምለየው እንዲህ ነው። ሰውን ለአደጋ የሚያጋልጠው አንድ ጽሑፍ ይነሣ። አገሩ በሙሉ ግን አይጨልም። የማልወደው ሐሳብ፣ የተሳሳተ ሐሳብ፣ ባለሥልጣን የሚያስቆጣ ሐሳብ ይቆይና ይመለስበት።

ሕጉን ደግሞ እወቁት፣ ሁለታችሁም። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ይባላል። ሐሰተኛ መረጃ ያሠራጨ እስከ 1 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር ሊቀጣ ይችላል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ እስከ 3 ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። እዚያው ሕግ ውስጥ ግን ብዙ ሰው የማያነበው ነገር አለ። የተናገረው ነገር እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ በሁኔታው የሚጠበቀውን ጥረት ያደረገ ሰው ንግግሩ እንደ ሐሰተኛ መረጃ አይቆጠርበትም። የት እንዳጣራህ፣ ማንን እንደጠየቅህ መዝግበህ ያዝ። እኔን የሚያሳስበኝ «ሐሰት» የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ማን ነው የሚለው ነው። ያ እጅ ከከበደ ውሸታሙ ስሙን ቀይሮ ሌላ ገጽ ይከፍታል፣ በስሙ የሚጽፈው ቅን ሰው ግን ዝም ይላል። ከቤት ከመውጣቱ በፊት ስልኩን የሚያጸዳ ሰው አውቃለሁ። የሚያጠፋው ውሸት አይደለም። የእህቱ ልጅ የላከችውን የሰላምታ ቪዲዮ ሳይቀር ነው የሚያጠፋው።

«ታዲያ ማንን እንመን?» ብለሃል መጨረሻ ላይ። እኔ ሁለት ነገር ነው የማየው። አንደኛ፣ «ባለፈው የነገርኳችሁ ስሕተት ነበር» ብሎ ያውቃል ወይ? ወይስ ዝም ብሎ አጥፍቶ ያልፋል? ሁለተኛ፣ የራሱን ወገን የማያስደስት ነገር ተናግሮ ያውቃል? ሁልጊዜ የሱ ወገን ልክ፣ ሌላው ሁልጊዜ ጥፋተኛ ከሆነ፣ ሰውየው የሚያየው በአንድ ዓይኑ ነው። እነ ኢትዮጵያ ቼክና ሐቅ ቼክን ያነሣሁትም ስማቸው ትልቅ ስለሆነ አይደለም። እንዴት እንደደረሱበት ስለሚያሳዩ ነው። ፎቶው ከየት እንደተገኘ፣ መቼ እንደተነሣ ይነግሩሃል፣ አንተም ያንኑ መንገድ ሄደህ ማየት ትችላለህ።

«አጥፍቼዋለሁ፣ አበቃ አይደል?»

የውሸት ነገር ሳላውቅ ክፍላችን ግሩፕ ላይ ለቀቅኩ። ሳውቅ ወዲያው አጠፋሁት። እህቴ ግን «አላበቃም» ትለኛለች። ምን ቀረ? (ከአዘዞ)

እህትህ ልክ ናት። እኔ የሆንኩትን ልንገርህ።

አምና በዐቢይ ጾም ነው። «አስቸኳይ! ኦ ኔጌቲቭ ደም፣ ታማሚዋ እናት ናት፣ ሼር በማድረግ ነፍስ ያድኑ» የሚል መልእክት ደረሰኝ። የከተማችን ሆስፒታል ስም አለበት። ስልክ ቁጥርም አለው። ቀን ግን የለውም። ያንን አላየሁም። የሰማ ላልሰማ ያሰማ ብዬ ስድስት ግሩፕ ላይ ላክሁት። የዕድራችን፣ የማኅበራችን፣ የድሮ የክፍል ጓደኞቼ፣ ሁሉም ላይ። ደስም አለኝ፣ አንድ ነገር ያደረግሁ መስሎኝ።

ማታ ጎረቤቴ «እኔ ኦ ኔጌቲቭ ነኝ፣ ጠዋት የት ልሂድ?» አለችኝ። ቁጥሩ ላይ ደወልኩ። ገና አንዴ እንደጠራ ተነሣ። ወንድ ነው። እኔ ሳልናገር «ስለ ደሙ ነው?» አለኝ።

«አዎ።»

«እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት አለፋት። ግን እግዜር ይስጥልኝ።»

ምን እንደምል ጠፋኝ። ነፍስ ይማር አልኩ። ድምፁ ላይ ቁጣ የለም፣ የደከመው ሰው ድምፅ ነው። የቧንቧ ሠራተኛ ነው፣ ደንበኞቹ የሚያውቁት በዚያ ቁጥር ስለሆነ መቀየር አልቻለም። ስልክ በጠራ ቁጥር ሥራ ይሆናል ብሎ ያነሣል። «ከሰኞ ጀምሮ አላረፈም» አለኝ። «ሰው አዲስ አድርጎ ነው የሚልከው። ስንት ጊዜ እናቴ እንደሞተች ልናገር?»

የኔ መልእክት ብቻ አይደለም ያን ሁሉ ስልክ ያስደወለው፣ አውቃለሁ። ግን የኔም አለበት።

መጀመሪያ እንዳንተ ላጠፋው ነበር። ከዚያ ቆም አልኩ። ባጠፋው ያዩት ሰዎች አይተውታል። ከኔ ወስደው ለሌላ የላኩት እዚያው ይቀራል፣ እኔ ጋ ሲጠፋ እነሱ ጋ አይጠፋም። ስለዚህ ስድስቱም ግሩፕ ላይ ተመልሼ፣ ከራሴ መልእክት ሥር፣ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ይህ ማስታወቂያ የሁለት ዓመት ነው። እናትዬዋ አርፈዋል። እባካችሁ ልጃቸው ጋ አትደውሉ። እኔ ሳላጣራ ነው የላክሁት፣ ይቅርታ። የላካችሁለት ሰው ካለ ይህንንም ላኩለት።» ከዚያ ነው የመጀመሪያውን ያጠፋሁት። አንዳንዱ አመሰገነ። አንድ ሰውዬ «ትልቅ ሰው አይደለሽ እንዴ» ብሎ ተቆጣኝ። እውነቱን ነው።

አንተም እንዲሁ አድርግ። እዚያው የለቀቅህበት ግሩፕ ላይ፣ እነዚያው ሰዎች እንዲያዩት። ስቴተስህ ላይ ብትጽፈው ሌላ ሰው ነው የሚያየው። መጀመሪያ እውነቱን ጻፍ፣ ውሸቱን በረጅሙ መልሰህ አትድገመው። ካንተ ወስዶ ሌላ ቦታ የላከ ጓደኛ ካለ ለብቻው ጻፍለት፣ በሰው ፊት አትንገረው።

ለዚያ ሰው በነጋታው አጭር መልእክት ላክሁለት። የት የት እንደላክሁና ምን ብዬ እንዳስተካከልኩ ነገርኩት። ሁለት ሳምንት ያህል ምንም አልመለሰም። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። «በዚህ ሳምንት ስለ ደሙ የደወለ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ የቧንቧ ነበር» ይላል።